ለአንድ ውሻ ሽማግሌ የረገጥኩ ዕለት

ቦንጋ ውስጥ፣ በእኛ ሰፈር፣ ስሜን የማያውቅ ሰው እንኳን «ያቺ ሽማግሌ የረገጠችው» ካላችሁት ያውቀኛል። አንዳንዱ ደግሞ «ለውሻ ብላ!» ብሎ ይጨምርበታል። ሁለቱም እውነት ነው። ረግጫለሁ፤ የረገጥኩትም ለውሻ ብዬ ነው። የማልቀበለው «ማፈር አለብሽ» የሚሉኝን ብቻ ነው። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ የመሰላችሁን በሉ።

ያኔ በእትዬ ዘሪቱ የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ አጣቢ ነበርኩ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። በልጅነቴ አስተማሪ ስም ሲጠራ «አቤት» ማለት አቅቶኝ፣ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀሪ እየተባልኩ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ትልቅ ሰው ሆኜም አልተሻለኝም። እንግዳ ፎጣ ሲጠይቀኝ የበሩ እጀታ ላይ ሰቅዬለት እሄዳለሁ እንጂ «ይኸው» አልልም። እትዬ ዘሪቱ ይህን ጠባዬን ይወዱት ነበር። «የኔ ልጅ ድምፅ የላትም፤ እንግዳ አትረብሽም» እያሉ ለሰው ያወሩልኛል።

ውሻውን ያመጡት ወንድማቸው ጋሽ ታደሰ ናቸው። ጋሽ ታደሰ የቡና መጋዘን አላቸው። አንድ ቀን ደካ ከሚባል ገጠር ቡና ጭነው ሲመለሱ ከአንድ ጆንያ ውስጥ ቡችላ አወጡና እኔ የማጥብበት ቦታ አስቀመጡት።

«ይደግልኝ» አሉ። «ጆሮውን ቁረጡና አብሉት፤ ክፉ ይሆናል።»

እኛ ጋ ውሻ ኃይለኛ እንዲሆን ቡችላ ሳለ ጆሮው ይቆረጣል፤ የተቆረጠውንም ራሱ እንዲበላው ይሰጠዋል። ዘበኛው ምላጭ ይዞ መጣ። እኔ ቡችላውን በእርጥብ አንሶላ ጠቅልዬ ከሚሰጣው ልብስ ጋር ሳፋ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ዘበኛው «የታለ?» ሲለኝ ትከሻዬን ሰበቅኩ። ፈልጎ ሲያጣ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ረሳው። ጋሽ ታደሰም ረሱት። ሲመጡ ሰላም ብለው እህታቸው ጋ ይገባሉ እንጂ ከጓሮ ምን እንዳለ አያዩም። ውሻው ጥቁር ሆኖ ደረቱና የጅራቱ ጫፍ ነጭ ነው። የጫካችንን ጥቁርና ነጭ ጦጣ ስለሚመስል በእሱ ስም ጉሬዛ አልኩት።

አንዲት እንግዳ፣ ለሥራ መጥታ ብዙ ቀን የተቀመጠች፣ ከጉሬዛ ጋር ስጫወት አይታኝ አንድ ቀን ስልኳን አውጥታ ውሾች መሰናክል ሲዘሉ አሳየችኝ። ውሻው በዘንግ ላይ ይዘላል፤ በጎማ ውስጥ ያልፋል፤ ከፍ ያለ ጣውላ ላይ ወጥቶ በሌላው በኩል ይወርዳል። ሰውየው አጠገቡ ይሮጣል። እኔን የገረመኝ ዝላዩ አልነበረም። ውሻው በዚያ ሁሉ ሩጫ መሃል ዞር ዞር እያለ የሰውየውን እጅ ያያል። ማንም እኔን እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። «እኔም አስተምረዋለሁ» አልኩ፤ ለራሴ።

አሮጌ የአይሱዙ ጎማ ከጓሮ ነበር፤ በገመድ አንጠለጠልኩት። ከፈረሰ አጥር የተረፈ ቀርከሃ ነበር፤ ዘንግ አደረግሁት። ጣውላውን ግን መጀመሪያ መሬት ላይ ነው ያነጠፍኩት። ጣውላ መሆኑን እስኪረሳው ድረስ ዳቦውን እዚያ ላይ ነበር የሚበላው። ከዚያ ከሥሩ ጡብ አደረግሁ። ፈራ። ጡቡን አወጣሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ መልሼ አስገባሁ። ፊቱን ካዞረ የዚያ ቀን ትምህርት አበቃ፤ ልብሴን አጥባለሁ። ዘበኛው ያየኝና ይስቃል።

«ገመድ እሰሪና ጎትቺው እንጂ! በአንድ ቀን ይለምዳል።»

ይለምዳል፤ እሱን እኔም አውቃለሁ። በአንድ ቀን የሚለመደው ግን ፍርሃት ነው።

ቀን የሚተኛ እንግዳ ስለሚኖር ጓሮ ውስጥ መጮህ ክልክል ነው። ክልክል ባይሆንም እኔ አልጮህም። ስለዚህ ሁሉንም ነገር በእጄ አስተማርኩት። እጄን ዝቅ ሳደርግ ይቀመጣል። ወደ ጎማው ሳመለክት ያልፋል። ጣውላው ላይ ከወጣ ደግሞ መዳፌ የጣውላውን ጫፍ እስኪነካ ድረስ ንቅንቅ አይልም። አንድም ቀን በድምፅ ጠርቼው አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ታደሰ ሰንሰለት ይዘው መጡ። መጋዘናቸው ሌባ ገብቶበት ነበርና ውሻቸው ትዝ አላቸው። ጉሬዛ በጎማው ውስጥ ሲያልፍ ደረሱ።

«ይሄ ነው የኔ ውሻ? አደገ እንዴ!» አሉ። ቀረብ ብለው አዩትና በሳቅ ፈረሱ። «ጆሮው! ኧረ ጆሮውን አልቆረጣችሁትም! ሴት ስታሳድገው ጊዜ ሰርከስ ገባ በሉኛ!»

እትዬ ዘሪቱ አብረው ሳቁ።

«ግድ የለም» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ጨለማ ክፍል አስሬ ሚጥሚጣ የነካ ሥጋ ሳበላው በወሩ ነብር ይሆናል። ጆሮውንም ቢሆን አልረፈደም።» ሰንሰለቱን ዘርግተው መጡ። «ዞር በይ።»

አልዞርኩም። ጉሬዛ ከኋላዬ ነው።

«ምን ሆናለች? ዲዳ ናት እንዴ?»

«ብርቱካን፣ ተይ እንጂ» አሉ እትዬ ዘሪቱ። «ውሻው'ኮ የሱ ነው።»

«ያሳደግሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ያሳደግሁት እኔ ነኝ እያለች ነው» ብለው እትዬ ዘሪቱ እንደ አስተርጓሚ ነገሩልኝ።

ጋሽ ታደሰ መጮህ ጀመሩ። «ያመጣሁት እኔ፣ በመኪናዬ፣ ከደካ ድረስ!» እንግዶች መስኮት ከፍተው ማየት ጀመሩ። እትዬ ዘሪቱ ከምንም በላይ የሚፈሩት ይህን ነው።

«እንግዳ ፊት አታዋርዱኝ!» አሉ። «በሽማግሌ ይለቅ። አንተም ሰው ምረጥ፣ እሷም ትምረጥ። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይታያል።»

«ለውሻ ሽማግሌ!» አሉ ጋሽ ታደሰ፤ ግን እየሳቁ ተስማሙ። የሳቁት እንደሚያሸንፉ ስላወቁ ነው። የመረጡት ጋሽ ወልዴን ነበር። ጋሽ ወልዴ በከተማው ስንቱን ባልና ሚስት፣ ስንቱን የድንበር ጠበኛ ያስታረቁ ሰው ናቸው። እሳቸው የፈረዱትን እምቢ ያለ ሰው አለ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

እኔ ማንን ልምረጥ? አባቴ የለም። የማውቃቸው ትልቅ ሰው ሳሙና የምገዛቸው ጋሽ ሱልጣን ብቻ ነበሩ። ከስልጤ ልጅ ሳሉ መጥተው እዚሁ ያረጁ ባለ ሱቅ ናቸው። ደንበኞቻቸው እስኪወጡ ጥግ ይዤ ቆምኩ።

«ሳሙና ነው?» አሉኝ።

አይደለም ለማለት ራሴን ነቀነቅኩና እንደምንም አስረዳኋቸው።

«ለውሻ?»

«አዎ፣ ጋሽ ሱልጣን።»

«እኔ'ኮ ውሻ አልቀርብም፣ ልጄ። ምራቁ ልብሴን ከነካ ለሶላት ችግር ነው።»

«አይነካዎትም። ካላዘዝኩት ከቦታው አይንቀሳቀስም» አልኩ፤ ኮራ ብዬ።

«ስንት ዓመት ሳሙና ስሸጥልሽ፣ ይህን ያህል ስታወሪ ገና ዛሬ ሰማሁሽ» አሉ። «እመጣለሁ።»

እሑድ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል። ጓሮው ውስጥ ወንበር ተደረደረ። ወሬው ወጥቶ ኖሮ ሰው አጥር ላይ ተንጠልጥሏል፤ በካፊኖኖ እየተቀባበሉ ይቀልዱብኛል። እኔም ቋንቋዬ ነውና ሁሉም ይገባኛል።

ጋሽ ወልዴ ጸሎት አደረጉና ነገሩን ከፈቱ። ጋሽ ታደሰ ረጅም ተናገሩ። እኔ ተጠየቅሁና «አበላሁት፤ አስተማርኩት» ብዬ አበቃሁ። ሽማግሌዎቹ ጥቂት ተማከሩ።

«በአባቶቻችን ጊዜ» አሉ ጋሽ ወልዴ፣ «ሁለት ሰው ለአንድ ጥጃ ሲጣላ ጥጃው መሃል ይቆማል። ሁለቱም ከየበኩላቸው ይጠሩታል። እንስሳ አይዋሽም፤ ጌታውን ያውቃል።»

«መልካም ነው» አሉ ጋሽ ሱልጣን። ወንበራቸውን ከሁሉም አርቀው ነው ያስቀመጡት። «እኛ ከምንሳሳት እሱ ይፍረድ።»

ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ጉሬዛ እኔን ትቶ ወዴት ይሄዳል?

«አንድ ነገር!» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ይቺ ልጅ ዳቦ በእጇ ይዛ ታሳየዋለች። የሁለታችንም እጅ ወደ ኋላ ይሁን። በአፍ ብቻ እንጥራው።»

«ትክክል ነው» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። በአፍ ጠርቼው አላውቅም ማለት ብቻ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን አስተካክዬ ቀና ስል ሁሉም ተነስተው ጋሽ ታደሰ በአንድ በኩል ቆመዋል፤ እኔንም ትከሻዬን ይዘው በሌላው በኩል አቆሙኝ። እጄን ወደ ኋላ አደረግሁ። ጉሬዛ ደግሞ ማንም ሳይነግረው ሄዶ መሃል ያለው ጣውላ ላይ ወጣና ቁጭ አለ። የጓሮው መሃል የሱ ቦታ ነዋ።

መጀመሪያ ጋሽ ታደሰ ጠሩ። «ቡቺ! ቡቺ! ና! እንካ!»

«ስሙ ጉሬዛ ነው» አሉ እትዬ ዘሪቱ ቀስ ብለው።

«ጉሬዛ! ና! ና ብዬሃለሁ!» አፏጩ፤ ምላሳቸውን አጮሁ። ጉሬዛ እሳቸውን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ትከሻዬን አየ፤ በክንዴ ላይ ወደ ታች ወረደ፤ እጄን አጣው። እንደገና ከትከሻዬ ጀመረ።

«ተራሽ ነው፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«ጉሬ...» ድምፄ ከከንፈሬ አልዘለለም። አጥሩ ላይ ያለው ሰው ፈነዳ። «ኧረ ከፍ አድርጊው፣ ጎረቤት ይስማ!» አለ አንዱ።

ዓይኔን ጨፈንኩና ጠራሁት። «ጉሬዛ!»

እኔ ራሴ ደነገጥኩ። እሱም ደነገጠ፤ በሕይወቱ ሰምቶት የማያውቀው ድምፅ ነው። ሁለቱም ጆሮዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። የፊት እግሩን አነሳ። አንስቶ ያዘው፤ ያዘው፤ ከዚያ ጣውላው ላይ መልሶ አስቀመጠው። መዳፌ ጣውላውን አልነካማ። ሦስቴ ጠራሁት። ጆሮው ይመጣል፤ እሱ አይመጣም።

ካፊያ መጣል ጀመረ።

«ጆሮው ግን ወደ ልጅቷ ዞሯል» አሉ ጋሽ ሱልጣን።

«ሱልጣን፣ ጆሮ አይፈርድም። የሚፈርደው እግር ነው» አሉ ጋሽ ወልዴ፤ ሰዎቹም ሳቁ። ሁለቱ ትንሽ ተንሾካሾኩ፤ ጋሽ ሱልጣን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በመጨረሻ ግን ለጋሽ ወልዴ ተዉላቸው። ጋሽ ወልዴ ፈረዱ። «ውሻው ወደ ማንም አልመጣም። ወደ ማንም ካልመጣ ወዳመጣው ይመለሳል። ታደሰ፣ ተቀበልክ?»

«ተቀብያለሁ፣ አባቴ!»

«አንቺስ ልጄ፣ ተቀበልሽ?»

ጋሽ ታደሰ መልሴን አልጠበቁም። ሰንሰለቱን እያንኳኩ ሄደው በከዘራቸው ጣውላውን መቱት፤ «ውረድ!» ጣውላው ተንቀጠቀጠ። ጉሬዛም አብሮት ተንቀጠቀጠ። መሸሽ ይችላል፤ አጥር ለመዝለል የሚያንሰው የለም። መንከስም ይችላል። ምንም አላደረገም። ጠብቅ ያልኩትን እየጠበቀ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ እኔን ብቻ ያያል። ያ ሁሉ ጊዜ ቀስ ብዬ ያስተማርኩት ነገር ለዚህ ሰንሰለት ሊያስረክበው ነው።

«እምቢ» አልኩ።

«ምን አልሽ?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«እምቢ አልኩ፣ ጋሽ ወልዴ።» ይህን አጥር ላይ ያሉትም ሰሙት፤ ሳቃቸው ቆመ።

«ልጄ፣ ሽማግሌ እምቢ አይባልም።»

«ያልመጣው ስለማያውቀኝ አይደለም። ቁጭ በል ብዬ ስላስተማርኩት ነው። የማዘው በእጄ ነው፤ እናንተ ደግሞ እጄን ከለከላችሁኝ።»

«ታዲያ ቀድመሽ አትናገሪም ነበር?»

«አፈርኩ። አሁን ግን እየተናገርኩ ነው።»

«ከፍርድ በኋላ ንግግር የለም።»

«እንግዲያው ፍርዱን አልቀበልም።»

ጋሽ ሱልጣን ተነሱ። «እንዲህ ከሆነማ እጇን ፈተን እንደገና ይሞከር።»

«እኔ ሁለቴ አልፈርድም» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«እኔም ሁለቴ አልፈትነውም» አልኩ። አንዴ አፌ ተከፍቷል። «ወደ እኔ ባይመጣም፣ ወደ ጋሽ ታደሰ ቢሄድም፣ ጨለማ ውስጥ ታስሮ ሚጥሚጣ እንዲበላ አልሰጠውም። ሰው ይፍረድ፣ ውሻ ይፍረድ፣ አልሰጥም።»

ጋሽ ወልዴ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ፊታቸው ገረጣ። «በዚህ ዕድሜዬ ሽማግሌ የሚረግጥ አየሁ፤ ያውም ሴት ልጅ። ያለ ምርቃት ሂጂ» አሉ። ምርቃት መከልከል እኛ ጋ ቀላል ነገር አይደለም። ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አላልኩም።

«ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጋ ሥራ የለሽም!» አሉ እትዬ ዘሪቱ።

«እሺ» አልኩ። ይህኛውን ወዲያው ተቀበልኩ።

ሄጄ በጋሽ ታደሰና በጣውላው መሃል ገባሁ። ከዘራቸውን አንስተዋል። አየኋቸው፤ ሰው ፊት ለፊት አይቼ ስለማላውቅ ሳይከብዳቸው አልቀረም፤ እጃቸው ወረደ። መዳፌን ጣውላው ላይ አደረግሁ። ጉሬዛ ወርዶ እግሬ ሥር ቆመ። አብረን ወደ በሩ ሄድን።

«እንዳትከፍት!» አሉ ጋሽ ታደሰ ለዘበኛው። ዘበኛው በሩ ላይ ተደገፈ።

አጥሩን ባመለክተው ጉሬዛ በአንድ ዝላይ ውጭ ነበር። አላመለከትኩም። እንደ ሌባ አጥር ዘሎ ወጣ እንዲባል አልፈለግሁም። ሁለታችንም በበሩ ነው የምንወጣው። ዝናቡ እየበረታ እዚያው ቆምን። ሰው ሁሉ ያየኛል፤ በሌላ ቀን ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

ያን ጊዜ ጋሽ ሱልጣን ልብሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ ጉሬዛን በሩቅ ዞረው፣ በግድግዳው ጥግ ጥግ መጡና ዘበኛውን «ዞር በል» ብለው መወርወሪያውን ሳቡት።

«ሱልጣን!» አሉ ጋሽ ወልዴ ከኋላ።

«ምን ላድርግ፣ ዝናብ መጣ፤ ሱቄን ለጎረቤት ትቼ ነው የመጣሁት» አሉ። «የከፈትኩት ለራሴ ነው። ማን እንደሚከተለኝ አላየሁም።» ወጡ። እኛም ወጣን።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። ያን ሌሊት የተኛሁት አትክልት የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ ቤት ነው። አሁንም እዚያው ከከተማው ዳር፣ ከግቢዋ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ልብስ አጥባለሁ። ሥራው ከድሮው ይከብዳል። ጋሽ ታደሰ «እከሳታለሁ» ሲሉ ከረሙ፤ በኋላ ግን ለውሻ ብለው ደጅ መጥናት አሳፈራቸው መሰለኝ ተዉት። ጋሽ ወልዴ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔ ግን «ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሽ ወልዴ» እላለሁ፤ እንዲሰሙኝ አድርጌ። አንድም ቀን አልመለሱልኝም። እኔም አንድም ቀን አላቋረጥኩም።

ዓይን አፋርነቴም አልለቀቀኝም። ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ ቤቴን አልፌ የምወርድበት ቀን አሁንም አለ። ጉሬዛም ቢሆን እንደ ስልኩ ውሾች አልሆነም። ጡብ የገባበት ጣውላ ዝቅ ሲልበት አሁንም ይፈራል። ስለዚህ እዚህም ሌላ ጣውላ አግኝቼ መሬት ላይ አንጥፌለታለሁ፤ ዳቦውን እዚያ ላይ ይበላል።

የተለወጠው አንድ ነገር ነው። እንደኔ ዝም ብላችሁ ያደጋችሁ ካላችሁ ስሙኝ። «ተቀበልሽ?» ሲባል እኔ ድሮ ትእዛዝ ይመስለኝ ነበር። በአገራችን የሚጠይቀው ትልቅ ሰው፣ የሚመልሰው ትንሽ ሰው፣ መልሱም አንድ ብቻ ስለሆነ ማንም ጥያቄ መሆኑን አያስታውስም። ጥያቄ ነው። ጥያቄ ከሆነ ደግሞ ሁለት መልስ አለው። ሽማግሌን አክብሩ፤ እኔም አከብራለሁ። ግን መልሱን ለእነሱ ትታችሁ አትሂዱ። ሁለተኛውን መልስ የሰጠ ሰው ሥራ ሊያጣ፣ ምርቃት ሊያጣ ይችላል። እኔ ሁለቱንም አጥቼ አየሁት፤ ያለ ሁለቱም መኖር ይቻላል።

ጋሽ ታደሰ ሌላ ውሻ አመጡ። ጆሮውን ቆርጠውታል፤ መጋዘኑ ውስጥ ነው የሚታሰረው። የማጥበውን ልብስ ሳመላልስ በዚያ በር ነው የማልፈው። መጀመሪያ ሰሞን ኮቴዬን ሲሰማ የበሩን ቆርቆሮ ሊገነጥለው ይደርስ ነበር። አሁን አሁን እሑድ እሑድ ሄጄ በሩ ሥር፣ ጀርባዬን ሰጥቼው እቀመጣለሁ። አላናግረውም፤ አላየውም። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ዳቦ አስገብቼ እተዋለሁ። መጀመሪያ ይጮኻል፤ ከዚያ ይደክመዋል፤ ከዚያ ሲያሸተኝ እሰማለሁ።

ባለፈው ጋሽ ታደሰ እዚያ ተቀምጬ አገኙኝ። ከመኪናቸው ወርደው እላዬ ላይ ቆሙ።

«እሱንም ልትወስጂብኝ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። ቀና ብዬ አየኋቸው።

«አይቸኩሉ፣ ጋሽ ታደሰ» አልኳቸው። «እኔም አልቸኩልም።»